«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» የተባላችሁ ዕለት

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የቅጥር ደብዳቤያችሁ አሁን የት ነው ያለው? የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንን፣ የልጆቻችንን የክትባት ካርድ፣ የቤት ኪራይ ውላችንን በፌስታል ጠቅልለን ቁም ሣጥን ውስጥ የምናኖር ብዙዎች ነን። የቤታችን እንጀራ የተንጠለጠለበት ወረቀት ግን አንዳንዱ ቤት ከናካቴው የለም፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ቢኖርም ከተፈረመበት ቀን ወዲህ ማንም አላነበበውም።

ባለቤቴ መጋቢ ስለሆነ ቤታችን ሰው አይጠፋበትም። ባልና ሚስት ተኳርፈው ለምክር ይመጣሉ። እርሷ «ተለውጧል፤ አያናግረኝም፤ ገንዘብ ይደብቀኛል» ትላለች። እርሱ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ቆይቶ ነገሩ ሲወጣ ሰውየው ከሥራ ከተሰናበተ ሁለት ወር አልፎታል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ልብሱን ለብሶ፣ ቦርሳውን ይዞ ከቤት ይወጣል። እንዲህ ያለውን ታሪክ አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር። «ስትሰናበት ምን ሰጡህ? ምን ፈረምክ?» ሲባሉ የአብዛኞቹ መልስ አንድ ነው፦ «የሰጡኝን ፈርሜ ወጣሁ። ለጌታ ሰጥቼዋለሁ።»

እኔ የተማርኩት መጽሐፍ ቅዱስ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ ክርክር ውስጥ የገባ ሰው የሕግ ባለሙያ ማማከር አለበት። ነገር ግን አዋጁ በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። አዋጁን አንብቤ፣ የተጎዱትንም አዳምጬ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ሠራተኛ መብቱን ብዙ ጊዜ የሚያጣው ዳኛ ስለፈረደበት አለመሆኑን ነው። የሚያጣው ባልገባው ወረቀት ላይ ስለሚፈርምና ቀኑ ስለሚያልፍበት ነው። ዛሬ በዚህ ላይ ጥቂት እንነጋገር።

መብትን መጠየቅ ከመንፈሳዊነት ጋር ይጋጫል?

«መንፈሳዊ ሰው አይከራከርም» የሚለው አባባል በመካከላችን ሥር የሰደደ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ በአደባባይ ተገርፎ ከታሰረ በኋላ ገዢዎቹ በስውር ሊያሰናብቱት ሲፈልጉ ዝም ብሎ አልወጣም። የሮም ዜጋ መሆኑን ነግሮ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ (የሐዋ. 16)። በኢየሩሳሌም ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜም ያለ ፍርድ ዜጋን መግረፍ ተፈቅዶላቸው እንደሆነ የመቶ አለቃውን ጠየቀ (የሐዋ. 22)። በቂሣርያ ደግሞ ይግባኙን ወደ ቄሣር አቀረበ (የሐዋ. 25)። በዚያው እስር ቤት በመንፈቀ ሌሊት የጸለየና የዘመረው ጳውሎስ እኮ ነው ጠዋት ሕጉን የጠቀሰው! ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ አልተጋጩም።

1ኛ ቆሮንቶስ 6ን የሚጠቅሱ ወገኖችም አሉ። እውነት ነው፤ አሠሪውም ሠራተኛውም አማኞች ሲሆኑ አስቀድሞ በሽማግሌዎች ፊት መነጋገር መልካም ነው። እኛም የምንመክረው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ያው ምዕራፍ የወንድሙን ድርሻ የሚወስደውንም ሰው አብሮ እንደሚገሥጽ አንርሳ። ያዕቆብም በምዕራፍ 5 የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ጽፏል። ስለዚህ ድርሻውን የሚጠይቅ ወንድም ሲያጋጥመን «ገንዘብ ወዳጅ» ብለን ለመፈረጅ አንቸኩል። ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

አዋጁ ማንን ይመለከታል?

አሁን እየተሠራበት ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 377ን ተክቷል። ይህን የማነሣው ዛሬም በአሮጌው አዋጅ የሚመክሩ ሰዎች ስላሉ ነው። የሙከራ ጊዜ ድሮ 45 ቀን ነበር፤ አሁን እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ዕረፍት 14 የሥራ ቀን ነበር፤ አሁን 16 ሆኗል።

በግል ድርጅት፣ በፋብሪካ፣ በግል ትምህርት ቤት፣ በክሊኒክ፣ በሱቅ፣ መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት የምትሠሩ በዚህ አዋጅ ጥላ ሥር ናችሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ ፖሊሶች፣ ወታደሮች፣ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ። «የሥራ መሪ» የሚባለውም ከአዋጁ ውጭ ነው። በእኛ አገር «ማናጀር» የሚለው ስም በቀላሉ ይሰጣል፤ ደመወዝ ሳይጨምር ስም ብቻ የሚጨመርለትም አለ። ሕጉ የሚያየው ግን ስሙን ሳይሆን ሥልጣኑን ነው፤ ሰውየው መቅጠር፣ ማሰናበት፣ የድርጅቱን አመራር መወሰን ይችላል ወይ? የማይችል ከሆነ በሩ ላይ የተለጠፈው ማዕረግ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርገውም።

ስትቀጠሩ

ብዙ ሰው «ውል ስለሌለኝ መብት የለኝም» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና የመሳሰሉትን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። አሠሪው ይህን ሳያደርግ ቢቀር ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የደመወዝ ወረቀት፣ በባንክ የገባ ደመወዝ፣ የሥራ መታወቂያ፣ አብሯችሁ የሠራ ምስክር፣ ይህ ሁሉ ያገለግላል። እንግዲህ እነዚህን አትጣሉ።

የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልተነገራችሁ የሙከራ ጊዜ የለም። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ለሥራው ብቁ ካልሆነ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብተው ይችላል። የሙከራው ጊዜ አልፎ ሥራችሁን ከቀጠላችሁ ግን አገልግሎታችሁ የሚቆጠረው ሙከራው ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ነው። ደግሞም ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው ለተለየ ምክንያት ብቻ ነው፤ የታመመ ሠራተኛን ለመተካት፣ ለወቅታዊ ሥራ፣ ተጀምሮ ለሚያልቅ አንድ ሥራ እንደ ማለት። ሥራው በየዕለቱ ሳይቋረጥ የሚቀጥል ሆኖ ሳለ በየስድስት ወሩ «ውልህ አልቋል፤ እንደገና ፈርም» እየተባላችሁ አምስት ዓመት የሠራችሁ ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን የመጨረሻው ቃል ላይሆን ይችላል።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ በላይ የተሠራ ሥራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው፤ ቀን ከሆነ የመደበኛው አንድ ተኩል፣ ሌሊት ከሆነ አንድ ከሦስት ሩብ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የሳምንት ዕረፍቱ በተቻለ መጠን እሑድ እንዲሆን አዋጁ ይናገራል። «በተቻለ መጠን» የሚለውን አስምሩበት። በሆስፒታል፣ በሆቴል፣ በትራንስፖርት የምትሠሩ ወገኖች የዕረፍታችሁ ቀን ሌላ ሊሆን ይችላል። ተረኛ ሆኖ ሳለ ሳያስፈቅድ ወደ አምልኮ የሄደ ሰው ከሥራ እንደቀረ ቢቆጠርበት ስደት ደረሰብኝ ማለት አይችልም። አስቀድማችሁ ከኃላፊያችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ተራ ተለዋወጡ።

በምን ምክንያት ያሰናብታሉ?

አሠሪ «አልወደድኩህም» ብሎ ማሰናበት አይችልም። አዋጁ የሚቀበለው ምክንያት ከሠራተኛው ጠባይ፣ ከችሎታው ወይም ከድርጅቱ ሁኔታ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ብሔር፣ ጾታ፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ እርግዝና፣ የአካል ጉዳት፣ የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን፣ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ፣ እነዚህ ሁሉ ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንዳይሆኑ በግልጽ ተከልክለዋል።

ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቁ ጥፋቶችም አሉ። በቂ ምክንያት ሳይኖር፣ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ ወይም በጠቅላላው 5 የሥራ ቀን መቅረት፣ በሥራ ላይ ማታለል፣ የድርጅቱን ንብረት ወይም ገንዘብ ለራስ ጥቅም ማዋል፣ በሥራ ቦታ አምባጓሮ ማንሣት፣ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ንብረት ማበላሸት ከእነዚህ ይገኙበታል። እንዲህ ባለ ጥፋት ለተሰናበተ ወንድም ቤተ ክርስቲያን ጠበቃ ልትሆንለት አይገባም ባይ ነኝ፤ ንስሐና ሕጋዊ ክርክር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሆኖም በዚህ ጊዜም ቢሆን አሠሪው ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ጥፋቱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ 30 የሥራ ቀን ካሳለፈ ደግሞ በዚያ ጥፋት ማሰናበት አይችልም። ከዓመት በፊት አይቶ ያለፈውን ዛሬ ሲጣላችሁ መዝዞ ማውጣት የለም።

በማስጠንቀቂያ ሲሆን ጊዜው እንደ አገልግሎቱ ነው። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሦስት ወር ነው። በሠራተኛ ቅነሳ ለሚሰናበት ሁለት ወር ነው። ሠራተኛውም በበኩሉ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ቅዱሳን፣ ይህን ደግሞ እናክብር። የተሻለ ሥራ ሲገኝ ስልክ አጥፍቶ መጥፋት ምስክርነታችንን ያበላሻል።

ከመፈረማችሁ በፊት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

የመጀመሪያው የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው። ኃላፊው ሠራተኛውን ወደ ቢሮው ይጠራና በርኅራኄ ድምፅ «ስምህ እንዳይበላሽ ራስህ ልቀቅ፤ በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለህ ጻፍ፤ ጥሩ የሥራ ልምድ እንጽፍልሃለን» ይለዋል። ሠራተኛው አመስግኖ ይጽፋል። በዚያች ደቂቃ የተሰናበተ ሰው መሆኑ ቀርቶ የለቀቀ ሰው ሆነ። ነገ ፍርድ ቤት ቢሄድ «ማን አሰናበተህ? የእጅህ ጽሑፍ ይኸው» ይባላል። ተገድዶ እንደጻፈ ማስረዳት የእርሱ ሸክም ይሆናል፤ ከባድ ሸክም ነው። የሥራ ልምዱ ማስረጃ ደግሞ ውለታ አይደለም። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የሚከፈለውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ በመልካም ተለያያችሁም በጠብ። ስለዚህ መልቀቅ ካልፈለጋችሁ «ለቅቄያለሁ» ብላችሁ አትጻፉ። «ካሰናበታችሁኝ የስንብት ደብዳቤ ስጡኝ» በሉ። በትሕትና ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው «ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚለው ወረቀት ነው። ከመጨረሻው ደመወዝ ጋር ተያይዞ ይቀርባል፤ ካልፈረምክ ገንዘቡ አይሰጥህም ይባላል። አዋጁ አሠሪና ሠራተኛ ተስማምተው ውላቸውን ማቋረጥ እንደሚችሉ፣ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ይናገራል፤ ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት በዚህ ስምምነት ቢተው ግን መተዉ ሕጋዊ ውጤት የለውም። ቢሆንም ፈርሞ ከመከራከር ሳይፈርሙ መከራከር ይሻላል። ደብዳቤ ሲሰጣችሁ ቀኑን ጽፋችሁ «ደርሶኛል» ብላችሁ ፈርሙ። መድረሱን ማመን አንድ ነገር ነው፤ በይዘቱ መስማማት ሌላ ነው። ገንዘብ ስትቀበሉም የተቀበላችሁት የምን ክፍያ እንደሆነ ተጽፎ እንደሆነ እዩ፤ ግልባጭ ጠይቁ፤ ካልሰጧችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት።

ሦስተኛው ወረቀት የሌለው ስንብት ነው። «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ብቻ። ሠራተኛው አዝኖ ቤቱ ይቀመጣል። ሳምንት ሲሞላው ድርጅቱ «ከሥራ ቀርቷል» ብሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። አምስቱ ቀን ሞላ ማለት ነው! በቃል የተባረራችሁ ዕለት ማግስት ጠዋት በሥራ ሰዓታችሁ እዚያው በር ላይ ተገኙ፤ የሚመሰክር ሰው ይዛችሁ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ጥበቃው ካላስገባችሁ «ሥራዬን ለመሥራት መጥቼ ተከልክያለሁ፤ ተሰናብቼ ከሆነ በጽሑፍ ይገለጽልኝ» የሚል አጭር ማመልከቻ አስገቡ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኩና ደረሰኙን አስቀምጡ። በአካባቢያችሁ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም እንዲያውቀው አድርጉ።

ምን ያህል ይደርሳችኋል?

ቁጥር የማይወድ አንባቢ ይህን ክፍል ለትዳር ጓደኛው ይስጠው። አንድ ሠራተኛ በወር 9,000 ብር እየተከፈለው 4 ዓመት አገለገለ እንበል። የቀን ደመወዙ በ30 ሲካፈል 300 ብር ነው። ያለ በቂ ምክንያት ተሰናበተ፤ ፍርድ ቤቱም ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወደ ሥራው ከመመለስ ይልቅ ካሳ ተከፍሎት እንዲለያዩ ወሰነ።

የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ደመወዝ 30 ጊዜ ተባዝቶ ሲሆን ይህ 9,000 ብር ነው። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ 3,000 በ3 ሲባዛ 9,000። በድምሩ 18,000 ብር። (ምንም ያህል ዘመን ቢያገለግሉ የስንብት ክፍያ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም።) ካሳው የቀን ደመወዝ 180 ጊዜ ነው፤ 54,000 ብር። የማስጠንቀቂያው ጊዜ ክፍያ የሁለት ወር ደመወዝ 18,000 ብር። ሁሉ ሲደመር 90,000 ብር ይሆናል፤ ያልተጠቀመበት የዓመት ዕረፍት ካለ ተሰልቶ ይጨመራል። ይህ ሰው የመጨረሻ ወር ደመወዙን 9,000 ብር ተቀብሎ «ለጌታ ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ቢወጣ የተወው 90,000 ብር ነው ማለት ነው። ለጌታ መስጠት የፈለገ ሰው ተቀብሎ ቢሰጥ ምን ይከለክለዋል? እዚያ የተተወው ገንዘብ የቀረው አሠሪው ኪስ ውስጥ ነው።

በራሱ ፈቃድ የለቀቀም ቢሆን ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለና ከሥልጠና ጋር በተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ የሌለበት ከሆነ የስንብት ክፍያ አለው። ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው። ውሉ እንደተቋረጠ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ አሠሪው እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ጨምሮ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል። የእናንተ እጅ ላይ የድርጅቱ ቁልፍ፣ ኮምፒውተር ወይም ሂሳብ ካለ ግን ቶሎ አስረክባችሁ የርክክብ ሰነዱን ያዙ፤ መዘግየቱ ከእናንተ እንዳይሆን።

ቀኑ አይጠብቃችሁም

ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ነው። ውሉ በመቋረጡ ምክንያት የሚጠየቅ ክፍያም ስድስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል እውነት ቢኖራችሁ አሠሪው «ይርጋ አግዶታል» ብሎ ሊከራከር ይችላል።

እዚህ ላይ ሽምግልናን በሚመለከት ልብ በሉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ለማስታረቅ ሲሞክሩ፣ አሠሪው «በሚቀጥለው ሳምንት እንነጋገር» ሲል፣ ከሳምንት ወደ ሳምንት ሲንከባለል ሦስቱ ወር ያልቃል። ጊዜውን የሚያቋርጠው ሥልጣን ላለው አካል ማመልከት ነው፤ ወይም አሠሪው የምትጠይቁትን መብት በጽሑፍ ማመኑ ነው። የሽማግሌዎች ስብሰባና የቃል ተስፋ አያቋርጠውም። ስለዚህ ሽማግሌ የሆናችሁ ወንድሞች፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «መቼ ነው የተሰናበትከው?» የሚለውን ይሁን። አሠሪው ወንድም ከልቡ መታረቅ ከፈለገ የሚያምነውን ያህል በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። እንቢ ካለ ሠራተኛው ክሱን ያስገባ፤ ክስ ከገባ በኋላም መታረቅ ይቻላል።

ክሱ የሚቀርበው የሥራ ክርክር ለሚያየው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ችሎት ነው። አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ይጠብቃል፤ ሠራተኛም የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌላችሁ እኅቶች የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው በርካታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማእከላት አሏቸው።

ለባልና ለሚስት

የመጀመሪያው ምስክራችሁ የትዳር ጓደኛችሁ ይሁን። ወንድሞች ከሥራ መሰናበታቸውን ለሚስት የሚደብቁት ከኀፍረት የተነሣ እንደሆነ እረዳለሁ፤ ግን ሦስቱ ወር የሚያልቀው በዚያ ድብብቆሽ ውስጥ ነው። ብቻውን የያዘው ሰው ደብዳቤ አይጽፍም፣ ሰው አያማክርም፣ ቀን አይቆጥርም። እኅቶችም ብንሆን ባል ገና በሩን ሳይዘጋ «አሁን ምን ልንበላ ነው?» ብለን የምንቀበለው ከሆነ ነገ የሚነግረን የለም። ውኃ አቅርቡለት፤ ይቀመጥ። ከዚያ «የሰጡህን ወረቀት አሳየኝ» በሉት።

እርጉዝ እኅቶቼ፣ አዋጁ በእርግዝና ወቅትና ከወሊድ በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ እንዳትሰናበቱ ይከለክላል፤ ከባድ ጥፋትና ሕጉን የተከተለ ቅነሳ ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላችሁ። ባልም ሚስቱ ስትወልድ የሦስት ተከታታይ ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ያገኛል። ሦስት ቀን ጥቂት ናት፤ ቢሆንም እርሷንም ሳይጠይቁ የሚያሳልፏት አባቶች አሉ።

ደግሞም ጡረታችሁን አብራችሁ እዩ። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ መሠረት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ያደርጋል። ከደመወዛችሁ መቆረጡ ብቻ አይበቃም፤ ገቢ መደረጉንም አረጋግጡ።

በቤተ ክርስቲያናችንና በቤታችን ያሉት

እስካሁን ስለ ተቀጣሪ ስናወራ ቆየን። ከእኛ መካከል ግን አሠሪዎችም አሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም አሠሪ ናት። የግቢው ጥበቃ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት፣ ገንዘብ ያዡ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ናቸው። አዋጁ በሃይማኖትና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ያለውን የሥራ ግንኙነት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ሊወስንበት እንደሚችል ይናገራል፤ የጥበቃው ወንድም መብት የለውም ግን አይልም። «የጌታ ቤት ሥራ ነው» እያልን የሌሊቱን ተረኛ ያለ ዕረፍት ቀን ማሠራት ከየት የመጣ ትምህርት እንደሆነ አላውቅም። የወንጌላውያንና የመጋቢዎች ጉዳይ ጥሪም ደመወዝም ያለበት ስለሆነ ለብቻው መነሣት ያለበት ርእስ ነው፤ ለዛሬ እዚህ ላይ ልተወው።

ከሁሉ የቀረበችን ግን ኩሽናችን ውስጥ ያለችው ልጅ ናት። የቤት ሠራተኛ ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት። የስንብት ክፍያም ሆነ የ16 ቀን ዕረፍት አዋጁ አልሰጣትም። የቀራት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን እርሱም ሠራተኛዋ ከአሠሪዋ ጋር የምትኖር ከሆነ መኝታዋን፣ ምግቧን፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቷን በሚመለከት ጤንነቷንና መልካም ጠባይዋን የሚጠብቅ ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርግላት አሠሪውን ያስገድዳል። ዘዳግም 24 የድኻው ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሰጠው ሲያዝ ችሎትም ይርጋም አልጠቀሰም።

እኅቶቼ፣ «ደመወዟን እኔ ጋ አስቀምጬላታለሁ» የምትሉ ካላችሁ ይህ በጎ አሳብ ኋላ የጠብ ምንጭ ሲሆን አይቻለሁ። ስንት ወር እንደሆነ እርሷ አንድ ትላለች፣ እናንተ ሌላ ትላላችሁ። ባንክ ሄዳችሁ በስሟ ደብተር አውጡላት። ያ እስኪሆን ሁለት የተማሪ ደብተር ግዙ፤ አንዱ በእርሷ እጅ፣ አንዱ በእናንተ ይሁን። የተቀጠረችበት ቀንና የተስማማችሁበት ደመወዝ መጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ። ወር በገባ ቁጥር የተከፈለው ገንዘብና ቀኑ በሁለቱም ላይ ይሞላ፤ ማንበብ የማትችል ከሆነ የምታምነው ሰው ያንብብላት፤ ከዚያም ሁለታችሁም ፈርሙበት።